የሦስት መቶ አራት ዕዳ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር።
ኤሲው ይንጠባጠባል፣ ባልዲው ላይ ሲቆጥር።
ሐምሌ ነው፤ መስኮቱን በውጭ በኩል ያልበዋል፣
በውስጥ በኩል ደግሞ እኔን ይበርደኛል።

ከፊቴ ከርነሉ ሆድ ዕቃው ተገልጧል፤
ለእያንዳንዱ ቡድን ቋት ተለክቶለታል፤
ይህን ያህል ያዝ ይላል፣ ከዚህ ግን አትለፍ፤
ያለፈ እንደሆነ ገዳይ አለ በደጃፍ።
ገዳዩ አያዳላም። ቁጥር ነው የሚያየው፤
ቁጥሩ ሞላ ካሉት አንዱን ነው የሚጥለው።

ትናንት የጣለብን የክሬን መዝጋቢ ነው፣
የወደቡን ሣጥን አንድ በአንድ የሚጽፈው፤
የያዘው ሰባት ሜጋ፣ የተፈቀደው አምስት መቶ።
«አለፍህ» ተባለ። ወደቀ አፉን ከፍቶ።

አራት ቀን ቆጠርኩኝ፤ ያለውን ደመርኩት፤
መዝገቡ ሙሉ ነው፣ ቋቱን ባዶ አገኘሁት።
ማንም ያልያዘውን ማን ላይ ነው የጻፉት?

በአምስተኛው ማታ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ።
ኮያ ባንኮኒው ላይ ሰማያዊ ደብተር ዘርግቷል፣ የዱቤ፣
ሱቁን ሲረከብ ከአጎቱ የወረሰውን።
በሰው ስም አይጻፍበትም፤ በክፍል ቁጥር ነው፤
ሰው ይመጣል ይሄዳል፣ ክፍል የት ይሄዳል ብለው።
ከፊቴ ትብለጥ ናት፣ የጸጉር ቤቷ ልጅ፣ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ።
ዳቦና አንድ እርጎ ይዛለች።
«ሦስት መቶ አራት?» አላት።
«አዎ።»
«መልሺው። ክፍልሽ ሞልቷል። ሰማንያ ስድስት ድርሃም።»
«እኔ እኮ ብስኩት እንኳ አልወሰድኩም» አለች፣
መጀመሪያ በተሰባበረ ዐረብኛ፣
ኋላ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን።
ዳቦውን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

ደረጃውን ሮጥኩት። ሊፍቱን አልጠበቅኩም።
የራሴን ዳቦ ረሳሁ። ለእሷም አልከፈልኩም።

ሲገባ ይጻፋል ቡድኑ ላይ፣ በክፍሉ፤
ሲወጣ ይወጣል፣ ይቀራል በደሉ።
ቡድን የቀየረ ባዶ እጁን ይሄዳል፣
የጎረሰው ሁሉ ቀሪ ላይ ይጻፋል፤
ቀሪ የሚሉት ቃል ሁለት ፍቺ አለው፣
አንዱ ሒሳብ ሲሆን ሌላኛው ግን ሰው ነው።

ጥገናው አንድ መስመር፣ በመውጫው በር ላይ፦
ማንም ሲሸጋገር የጻፍነው እሱ ላይ
ከአሮጌው ይቀነስ፣ አዲሱ ላይ ይደመር።
በቃ። አራት ቀን ሙሉ፣ ለአንዲት አጭር መስመር።
ማሽኑን አስነሣሁ፣ አስጨነቅኩት፣ ሞላ፤
ባዶ ሆነ፣ ሞላ፤ ቁጥሩ ወረደ ኋላ
እስከ ዜሮ ድረስ።
ገዳዩ አንቀላፋ።

ጠዋት ኮያን ላስተምረው ወረድኩ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ባለው ድፍረት፦
«ደብተርህ ስሕተት አለው። የሄደ ሰው ዕዳውን ይዞ ይሂድ።»
ሳቀ።
«ያንተ ማሽን የወሰደውን መልሶ ነው የሚሄደው።
ዳቦ ግን ከተበላ ተበላ። ማንን ልከተል?»
ደብተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ።

ሰርዲን፣ ባለ በርበሬው።
ሰርዲን።
የስልክ ካርድ፣ የሃያ አምስት።
ኢንዶሚ። ምላጭ። ሰርዲን፣ ባለ በርበሬው።
ጥር ነበር፤ ደሞዝ ያልገባበት ጥር፤
የላይኛው አልጋ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጣሪያው ግንባር የሚነካ፤
ሻንጣዬን ይዤ ዘጠነኛ ፎቅ ሳልወጣ።

እኔ ነኝ አላልኩም። ከፍዬ «ሰርዝ» አልኩት፤
ቀይ እስክሪብቶውን ሲስብ ቆሜ አየሁት።

ሽቅብ ተመልሼ ጥገናውን ልልክ ስል ቅጹ ይጠይቃል፦
ምን ተስተካከለ?
ሸክም ከተሸካሚው ጋር እንዲሄድ ተደርጓል።
ስሕተቱን ማን አመለከተ?
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አለ።
«ትብለጥ፣ ክፍል ሦስት መቶ አራት» ብዬ ሞላሁ።
ያጠፋው ማን ነው የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም።
ወደ ታች ወርጄ ፈለግኩት።